ከዘር ወይስ ከቅርንጫፍ? ለሰሜን ሸዋ ጓሮዎች ተክል የማባዛት መመሪያ

ጣፋጭ አፕል የበላ ሰው ብዙ ጊዜ ዘሩን ለመጣል ይሳሳል። ደብረ ብርሃንም አንኮበርም ይህን ያደረገ አይጠፋም። ዘሩን ቆርቆሮ ውስጥ ይዘራዋል፤ ይበቅልለታል፤ ዓመታት ይጠብቃል። በመጨረሻ የሚያፈራው አፕል ግን ያን የበላውን አይመስልም። ብዙውን ጊዜ ትንሽና ኮምጣጣ ነው። አፈሩንም ውርጩንም መውቀስ አያስፈልግም። አፕል በዘር ሲራባ እንዲህ ነው።

ተክል በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው ፆታዊ መራባት ነው። ከአበባው ወንዴ ክፍል የሚወጣው ዱቄት በንብ ወይም በነፋስ ተጉዞ ሴቴው ክፍል ላይ ያርፋል። እዚያ ሲደርስ ቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ይሰዳል። በዚያ ቱቦ በኩል የወንዴው ሕዋስ ታች ካለችው እንቁላል ጋር ይገናኛል። ከግንኙነቱ ዘር ይፈጠራል፤ ዘሩን የያዘው ክፍል ደግሞ አብጦ ፍሬ ይሆናል። ዘሩ ከአባትም ከእናትም ስለወሰደ ከሁለቱም ሊለይ ይችላል።

ሁለተኛው ፆታ አልባ መራባት ነው። እዚህ ላይ አበባም ዘርም አያስፈልግም። ከግንድ፣ ከሥር ወይም ከግርጌ የተወሰደ ቁራጭ ሥር አውጥቶ ራሱን ይችላል። የሚበቅለው ተክል እናቲቱ ራሷ ናት። ጣዕሟ፣ ቀለሟ፣ ምርቷ ሁሉ ያው ነው። ችግር ካለባት ችግሯም አብሮ ይመጣል። በቫይረስ ከተያዘ ድንች የተወሰደ ዘር ድንች ቫይረሱን ይዞ ይተከላል። በአበባ በኩል የመጣ ዘር ግን አብዛኛውን ቫይረስ ወደ ልጁ አያሻግርም።

ስለዚህ አንድ ነገር ከመትከላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ የምፈልገው ያንኑ ተክል ነው ወይስ አዲስ ተክል? ያንኑ ከሆነ ቁራጭ፣ አዲስ ወይም የተለያየ ከሆነ ዘር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው። ዞናችን ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ መንዝ ደጋ ስለሚዘረጋ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። የትኛው ለየት እንደሚሆን በየቦታው እጠቁማለሁ።

ድንች

ድንች የምንበላው ክፍል ሥር ይመስላል እንጂ ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው። አይን የምንለው ቦታ የግንዱ ቡቃያ የሚወጣበት ነው። ድንች አበባ ያወጣል፤ አንዳንዱ ዝርያም ጥሬ ቲማቲም የምትመስል ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ ይይዛል። ያቺ ፍሬ መርዛማ ስለሆነች ልጆች እንዳይበሏት ንገሯቸው። ውስጧ ያለው ዘር ቢዘራ እያንዳንዱ ዘር የተለያየ ድንች ያበቅላል። የምርምር ሰዎች አዲስ ዝርያ የሚያወጡት በዚህ መንገድ ነው። ለማሳችሁ ግን የሚሆነው ራሱ ድንቹ ነው።

1. የሚተከለውን ድንች ሰብሉ ገና ቆሞ ሳለ ምረጡ። ቅጠሉ ያልተጠቀለለ፣ ያልጠወለገና ጠንካራ የሆነውን ተክል በእንጨት ምልክት አድርጉበት። ከተቆለለ ድንች መካከል መምረጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ የታመመ ተክል ትንንሽ ድንች ስለሚያወጣ ትንንሹ ለዘር ሲቀር በሽታው እየተመረጠ ይተከላል።

2. የጠወለገ ተክል ካያችሁ ግንዱን ቆርጣችሁ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት የነጣ ክር ወደ ታች ከወረደ የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ነው። ከዚያ ማሳ አንድም ድንች ለዘር አትያዙ።

3. መጠኑ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ይሁን። ትልቅ ድንች ቆርጦ መትከል ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ ሁለት አይን ሊኖረው ይገባል፤ ቁስሉም እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ። ቢላው በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚያሻግር ሳይቆረጥ የተተከለውን እመርጣለሁ።

4. ጨለማ ጎተራ ውስጥ አታስቀምጡት። በጨለማ ያለ ድንች ረጅም፣ ነጭና ተሰባሪ ቡቃያ ያወጣል። የተበተነ ብርሃን በሚገባበት፣ ነፋስ በሚመላለስበት፣ ፀሐይና ዝናብ በማይነካው ቆጥ ላይ በስሱ ዘርጉት። እዚያ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ቡቃያ ያጎነቁላል። ይህ ድንች አረንጓዴ ስለሚሆን ለምግብ አይሆንም።

5. ቡቃያው አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ትከሉ። በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቡቃያው ወደ ላይ ይሁን። ሲያድግ ሁለት ጊዜ አፈር አስታቅፉት።

ደጋ ላይ ውርጭ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ስለዚህ የመኸር ድንች ከዚያ በፊት እንዲደርስ፣ የመስኖውም ውርጩ ካለፈ በኋላ እንዲበቅል አስሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ድንች በቁራጭ ስለሚራባ የአንድ ዝርያ ማሳ ሙሉው አንድ ተክል ነው ማለት ይቻላል። አየርላንድ ውስጥ በ1845 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዋግ የሕዝቡን ድንች ጠራርጎ የጨረሰው አብዛኛው ድሃ ላምፐር የሚባል አንድ ዝርያ ብቻ ይተክል ስለነበረ ነው። በዚያ ረሃብ 1 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አልቋል። እኛ ጋ ጉደኔም በለጤም ይገኛሉ። ግማሽ ማሳ አንዱን፣ ግማሹን ሌላውን ትከሉ። የዚህን ያህል ርካሽ ዋስትና የለም።

ነጭ ሽንኩርት

ነጭ ሽንኩርት ዘር የመስጠት አቅሙን ያጣ ተክል ነው። ስለዚህ ያለው ምርጫ ፍልቃቂው ብቻ ነው። ከትልቅ ራስ የዳር ዳሩን ትልልቅ ፍልቃቂ ምረጡ፤ የመሃሉን ቀጫጭን ለወጥ ተዉት። የምትፈለፍሉት በምትተክሉበት ቀን ወይም ዋዜማ ይሁን። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች። በፍልቃቂ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ራሱ ሥር ላይ ነጭ ሻጋታና ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ጨርሶ አትትከሉት። ነጭ ብስባሽ የሚባለው በሽታ ነው፤ አንዴ ማሳ ውስጥ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ጽጌረዳ

ከጎረቤት ለምኖ ማምጣት የሚቻለው ይህ ነው። የጥብስ ቅጠል በዘር ቀስ ብሎና ጥቂቱ ብቻ ስለሚበቅል በቁራጭ ይሻላል። ጤና አዳም በሁለቱም ይሆናል።

አበባ ያልያዘ፣ ያልበሰለ ግን ያልለሰለሰ ቅርንጫፍ ምረጡ። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በተሳለ ምላጭ ቁረጡት፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው አካባቢ ነው። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ። ቅጠል ውኃ ያወጣል፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ደግሞ መተካት አይችልም። አሸዋና አፈር እኩል ቀላቅላችሁ አንድ ሦስተኛውን ክተቱት፤ ዙሪያውን በጣት ጫን አድርጉ። ውኃ አጠጡት። ከላይ በተቆረጠ የውኃ ሃይላንድ ሸፍኑትና ጥላ ውስጥ አኑሩት። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡት እምቢ ካለ ሥር ይዟል። በየቀኑ እየነቀላችሁ አትዩት።

ለጽጌረዳ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለውን ምረጡ። ግማሹ እንኳ ቢይዝ ጥሩ ነውና የምትፈልጉትን እጥፍ ትከሉ።

ሙዝም በዚሁ ወገን ነው። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ከእናቲቱ ግርጌ የሚወጣውን ልጅ ታውቃላችሁ። ቅጠሉ እንደ ጦር የቀጠነውን ምረጡ፤ ገና ትንሽ ሆኖ ሰፊ ቅጠል ያወጣው ደካማ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውም ያው አሮጌው ዛፍ ነው። ጉቶውን ውኃ እንዳይቋጥር ዘንበል አድርጋችሁ ወደ መሬት ተጠግታችሁ ቁረጡት፤ ሁለት ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ብቻ አስቀሩ።

አፕል ማጣበቅ

አፕል በቁራጭ ሥር ማውጣት ይቸግረዋል፤ በዘር ደግሞ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ የአንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ሥር ላይ እናጣብቃለን። ግራፍቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ መመሪያ ውስጥ እጅ የሚጠይቀው ሥራ ይሄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሥር የሚሆነውን ችግኝ አዘጋጁ። ባለሙያዎች ሩትስቶክ ይሉታል። ኤምኤም 106 የሚባለው የተለመደ ነው፤ የዛፉን ቁመት መካከለኛ ያደርጋል። ከዘር የበቀለ አፕልም ሥር መሆን ይችላል፤ ዛፉ ግን ይረዝማል፣ ፍሬም ይዘገያል። ከላይ የሚቀጠለውን ቅርንጫፍ ከምትወዱት ዛፍ ላይ ውሰዱ። ጊዜው ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ያረፈበት፣ አይኑ ገና ያላበጠበት ይሁን። ባለፈው ዓመት የበቀለ፣ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል። ወዲያው ካልተጠቀማችሁበት እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ በፕላስቲክ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት።

ቢላውን በአልኮል ጥረጉ። ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄዱም እንደገና ጥረጉ።

ሩትስቶኩን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቢላውን በአንድ ጊዜ ስባችሁ በዘንባላ ቁረጡት። የተቆረጠው ፊት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይርዘም። ቅርንጫፉንም በተመሳሳይ ዘንባላ ቁረጡ፤ ሦስት ወይም አራት አይን ይኑረው። ከቆረጣችሁ በኋላ ፊቱን በጣት አትንኩት። አሁን ሁለቱን ግጠሙ። ከልጡ ሥር ያለችውን ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ተመልከቱ። ዛፍ የሚወፍረው በእርሷ ነው፤ ቁስል የሚያሽረውም እርሷው ናት። ሁለቱ አረንጓዴ ሽፋኖች ካልተነካኩ የቱንም ያህል ብታስሩት አይያዝም። ውፍረታቸው እኩል ካልሆነ በአንድ ጎን አስተካክላችሁ ግጠሟቸው፤ መሃል ለመሃል አታድርጉ።

በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ከታች ወደ ላይ ጠምጥሙ። አየርም ውኃም አይግባ። የቅርንጫፉን ጫፍ በቀለጠ ሻማ ሸፍኑ። ጥላ ውስጥ አቆዩት። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ አይኑ ማበጥ ይጀምራል። ከመገጣጠሚያው በታች የሚበቅለውን ቡቃያ ሁሉ ቀንጥሱ፤ እርሱ የሩትስቶኩ ነው። መገጣጠሚያው ሲወፍር ፕላስቲኩን ፍቱ፤ ካልፈታችሁት ግንዱን ያንቀዋል። ስትተክሉት መገጣጠሚያው ከአፈር በላይ ይቅር። ከተቀበረ የላይኛው ቅርንጫፍ የራሱን ሥር ያወጣል፤ የሩትስቶኩም ጥቅም ይቀራል።

እዚህ ላይ ፆታዊው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። አና የሚባለው አፕል ብቻውን ሲተከል አበባ ይሞላል፣ ፍሬው ግን ጥቂት ነው። ከሌላ ዝርያ ዱቄት ይፈልጋል። ዶርሴት ጎልደን በተመሳሳይ ጊዜ ስለሚያብብ አጠገቡ ይተከላል። አንድ ጓሮ ውስጥ ቦታ ከሌለ አንዱን እናንተ፣ ሌላውን ጎረቤታችሁ ትከሉ፤ ንቧ አጥር አታውቅም። አበባ ላይ ሳለ ፀረ ተባይ አትርጩ።

ዱባ፦ አበባን በእጅ ማገናኘት

ልጆች የተክልን ፆታ በዓይናቸው የሚያዩበት ከዱባ የተሻለ ነገር የለም። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዱ ቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። ሴቷ ከአበባዋ ሥር ትንሽ ዱባ ይዛ ትወለዳለች። ያቺ ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና የምትረግፈው አብዛኛውን ጊዜ ዱቄት ስላልደረሳት ነው። ወንዶቹ ቀድመው ስለሚያብቡ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ፍሬ ባይይዙ አትጨነቁ።

አበባው ማለዳ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዘጋል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ። ወንዱን አበባ ቁረጡ፤ ቢጫ ቅጠሎቹን ላጡ። መሃል ያለው ዱቄት የያዘ ዘንግ ይቀራል። ሴቷ ውስጥ ካለው ከተከፋፈለው ሴቴ ክፍል ጋር በዝግታ አሹት፤ ሁሉም ክፍል ዱቄት ይንካው። አንድ ወንድ ለሁለት ሴት ይበቃል።

ለዘር የምትፈልጉት ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። በሚቀጥለው ቀን የሚከፈቱትን አበቦች፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ማታውኑ ጫፋቸውን በክር እሰሩ። ጠዋት ፈታችሁ አገናኙ፣ ሴቷን መልሳችሁ እሰሩ። ካልሆነ ንብ ከሌላ ዓይነት ዱባ ዱቄት ታመጣለች፤ የዘንድሮው ዱባ አይለወጥም፣ ከዘሩ የሚበቅለው የከርሞው ግን ይለወጣል። ፍሬው ሙሉ በሙሉ በስሎ ከተቀጠፈ በኋላ ሦስት ሳምንት አስቀምጡትና ዘሩን አውጡ።

ፓፓያ ለቆላው

ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና አካባቢው ፓፓያ በዘር ይተከላል። ብዙው ፓፓያ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ ነው፤ ችግኙን አይቶ መለየት አይቻልም። ዘሩን የሸፈነው እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ብቅለትን ስለሚያግድ በወንፊት ላይ አሽታችሁ እጠቡት፣ በጥላ አድርቁት። አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት ችግኝ ትከሉ። ከወራት በኋላ ሲያብቡ ተመልከቱ፦ ወንዱ ረጅምና የተንጠለጠለ ዘለላ ላይ ብዙ ትንንሽ አበባ ያወጣል፤ ሴቷ ከግንዱ ጋር ተጠግታ ትልልቅ አበባ ትይዛለች። ከየጉድጓዱ አንዲት ጠንካራ ሴት አስቀርታችሁ ሌላውን ቁረጡ። ወንዶቹን ግን ሁሉንም አትጨርሱ፤ ከ10 እስከ 20 ለሚሆኑ ሴቶች አንድ ወንድ ይቁም። አንዳንዱ ዝርያ በአንድ አበባ ውስጥ ሁለቱንም ፆታ ይይዛል። ፍሬው ረዘም ያለ ነው፤ ለብቻውም ያፈራል።

ኮሶና ጥድ

ወፍ ዋሻ ደን የገባ ሰው ኮሶ፣ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ያያል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ ደን በተወሰደ ዘር ነው ይባላል። ዛሬም ችግኝ ልታፈሉ ከሆነ እናት ዛፍ መምረጥ ማወቅ አለባችሁ።

ኮሶ፣ ጥድና ዝግባ ወንድና ሴታቸው የተለያየ ዛፍ ነው። ኮሶ ላይ ቀላው ያለው ዘለላ የሴቷ ነው፣ ነጣ ብሎ ብርቱካን የሚመስለው የወንዱ። ጥድ ላይ ሰማያዊ ጥቁር ፍሬ የያዘችው ሴት ናት። ዘር የሚሰበሰበው ከሴቷ ብቻ ነው፤ በአካባቢው ወንድ ከሌለ ግን ዘሩ ባዶ ይሆናል። ወንዱን ዛፍ አያፈራም ብሎ መቁረጥ ሴቷን ማምከን ነው። ይህን ለአጨዳም ለማገዶም ለሚወጣ ሁሉ ብትነግሩ ደስ ይለኛል።

ዘሩን ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ። ከተራራቁ ብዙ ሴቶች ሰብስባችሁ ቀላቅሉ። ለጓሮ ፍራፍሬ አንድ ዓይነት እንፈልጋለን፤ ለደን ግን የተለያየ ነው የሚሻለው፤ ድርቅ ወይም በሽታ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ አይሞትም።

የኮሶ ዘር በጣም ደቃቅ ነው። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ መደብ ላይ በትኑት፤ በስሱ አፈር ብቻ ነስንሱበት። ጥልቅ ከተቀበረ አይወጣም። ወይራ ደግሞ ሥጋው ተልጦ፣ ጠንካራው ቅርፊት ውስጡን ሳይጎዳ ተሰንጥቆ፣ አንድ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይዘራል። ግራር ላይ የፈላ ውኃ አፍስሳችሁ እስኪቀዘቅዝ እዚያው አሳድሩት።

ከራስ ማሳ ዘር መያዝ

ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ በአብዛኛው በራሳቸው ዱቄት ይራባሉ። ስለዚህ የምንጃር ወይም የጅሩ ገበሬ ከማሳው የያዘው ዘር ዓመት ዓመት ያው ነው። የጤፍ አበባ ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይከፈታል፤ ቁንጮ የተባለችው ዝርያ ሁለት ጤፎች በእጅ ተዳቅለው የተገኘች ናት። ባቄላ ላይ ግን ንብ ትሠራለች፣ ዝርያዎችም ይቀላቀላሉ። በቆሎ ደግሞ በነፋስ ነው። የተዳቀለ የበቆሎ ዘር ገዝታችሁ ከዘራችሁ ከእርሱ ምርት ለከርሞ ዘር አትያዙ፤ ምርቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱም ይዘበራረቃል።

የያዛችሁት ዘር ለመብቀሉ እርግጠኛ ለመሆን ከመዝራታችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሞክሩት። በተለይ የቀይ ሽንኩርት ዘር ቶሎ ስለሚሞት ዓመት ያለፈውን ሳትሞክሩ አትዝሩ። 100 ፍሬ ሳትመርጡ ቁጠሩ። እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሩ፣ ጠቅልሉ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩ። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውኃ ርጩበት። በ10ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። 85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ልማዳችሁ ዝሩ። ወደ 60 ከወረደ መጠኑን ጨምሩ። ከ50 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።